እስማማለሁ ያለችው ድምፄ

ጥቅምት 6

ከእናቴ ጋር ስንነታረክ ዋልን። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጊው ትላለች፤ እምቢ ስላት ታኮርፋለች። ታብሌቴ ላይ «ጆሮሽም እንደ ዓይንሽ ሊጠፋ ነው እንዴ?» ብዬ ጻፍኩና ነካሁት። በራሴ ድምፅ ተናገረልኝ።

«ሐኪሞቹ ማንቁርትሽን ቆርጠው ምላስሽን መተዋቸው!» አለች። ሳቅን። እሷ በድምፅ፣ እኔ በትከሻ።

ሃያ ዓመት መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የአውቶቡስ መነሻ ስናገር ኖሬያለሁ። ሻንጣውን የሚረሳ ተሳፋሪ ሁሉ በስድብ ያውቀኛል። ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ኩባንያ ድምፄን ቀድቶ ፕሮግራም አደረገልኝ። እጽፋለሁ፣ እሱ ይናገራል። ባይኖር ምን ልሆን ነበር? እናቴ ዓይነ ስውር ናት፤ ብጽፍላት አታነብም። ለእሷ እኔ ማለት ድምፄ ነኝ።

ጥቅምት 9

ታናሽ ወንድሜ መጣ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሰባኪው ነው የምለው፤ ጀምሮ አይጨርስም።

«እትዬ፣ ይሄ ፕሮግራም ውስጡ አይታይም። ልትቀይሪው አትችይ፣ ለሰው ልትሰጪው አትችይ። የቤትሽን ቁልፍ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ትተሽ ነው የምትተኚው።»

ነፃ ፕሮግራም ይዞልኝ መጥቷል። ነፃ ማለት ገንዘብ የማይከፈልበት ማለት ሳይሆን ነፃነት ያለው ማለት ነው አለ። አሠራሩ ክፍት ነው፤ የተጠቀመ ሁሉ ጌታው ነው። ሞከርነው። ባዶ በርሜል ውስጥ የወደቀ ጎረምሳ ይመስላል! በሳቅ ልሞት… ነፃነቱን ይዘህ ሂድ አልኩት። ቅር አለው። ሲወጣ፣ ቢያንስ ድምፅሽን የቀዱበትን ዋናውን ቅጂ ጠይቂያቸው አለኝ።

ነገ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 21

ፕሮግራሙ ራሱን አደሰ። ማን ፈቀደለት?

ቆሻሻውን ደጃችን ላይ የሚጥለው ጎረቤት ዛሬም ጣለ። ወጣሁና «አንተ ባለጌ» ብዬ ጽፌ ነካሁት።

«ይቅርታ፣ ይህ ቃል አይፈቀድም» አለ። በእኔ ድምፅ! ይቅርታ የጠየቅኩት መስሎት «ምንም አይደል» ብሎኝ ገባ። ቆሻሻውን እኔ አነሳሁት።

ኅዳር 2

ውሃ ጠፋ። እናቴ ስልኩን በጣቷ ዳብሳ ውሃ ቢሮ ደወለች። ጥቂት አዳመጠችና…

«አንቺ፣ ውሃ ቢሮ ተቀጠርሽ እንዴ?»

ቀምቻት ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። «ስለደወሉልን እናመሰግናለን። እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ።» እኔ ነኝ። «ጠ»ን ጫን የምለው፣ መጨረሻ ላይ ሳብ የማደርገው… ራሴው። ግን እኔ በዕድሜዬ «እባክዎ» ብዬ አላውቅም!

ጮህኩ። ማለቴ፣ አፌን ከፈትኩ።

ኅዳር 7

ሰባኪው ለኩባንያው ጻፈልኝ፤ ድምፄን ለማንም አትስጡ፣ ዋናውን ቅጂ መልሱልኝ ብሎ። ዛሬ መልስ መጣ። ደብዳቤ መሰለኝ፤ ድምፅ ነው። እኔው።

«ድምፄ የኩባንያው ንብረት እንዲሆንና ለፈለገው አገልግሎት እንዲያውለው እስማማለሁ።»

ትዝ አለኝ። የቀረጻው ቀን፣ ጠባቧ ክፍል፣ ማይኩ። አንዲት ልጅ ወረቀት ሰጠችኝና ከላይ ጀምሪ አለችኝ። ከላይ ጀመርኩ። ያስነበቡኝን ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የአውቶቡስ ቁጥር ይሁን የሞት ፍርዴ አልለይም። የማይክ መሞከሪያ መስሎኝ! እንዲያውም «እስማማለሁ» ላይ ትንሽ አስነጠሰኝና፣ አላማረም፣ ይደገም ብዬ ደግሜዋለሁ። በራሴ ጥያቄ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰባኪው ነግሬሽ ነበር አላለኝም። ቢለኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 19

ታብሌቱ «ባቀረቡት አቤቱታ ምክንያት ይህ አገልግሎት ተቋርጧል» ይላል። እሱም በጽሑፍ ብቻ።

ኅዳር 20

ጠዋት እናቴ ከአልጋዋ ጠራችኝ። አጨበጨብኩ። ደግማ ጠራች፤ ሄጄ እጇን ያዝኩ።

«ምን አድርጌሽ ነው? ኧረ ተናገሪ!»

ያኮረፍኩ መሰላት። መዳፏ ላይ በጣቴ ፊደል ልጽፍ ሞከርኩ፤ ኮረኮርሽኝ አለች። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ያ ስለ ሬዲዮኑ ያልኩሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፣ ዝቅ አድርጊው አለችኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! ሰባኪው ከሥራ ተጠርቶ መጥቶ እስኪያስረዳት ከሰዓት ሆነ።

ኅዳር 24

በርሜሉ፣ ያ ነፃ ፕሮግራም፣ ታብሌቴ ውስጥ ገባ። ሰባኪው መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያስተካክለው ዋለ፤ ፍጥነቱን፣ ውፍረቱን እኔ እንዳልኩት። የሴት ለማድረግ ሞከረ፤ ጉንፋን የያዘው ጎረምሳ ሆነ፣ ተውነው። የእኔን ድምፅ ከየት አምጥቶ ያስተምረው? ያለው እነሱ ጋ ነው። አንዲት ቃል የሚያህል ቅጂ እቤታችን የለም።

ስድብ ሞከርኩበት። ሁሉንም ይላል። ጎረቤቱ ደጅ ድረስ ሄጄ ስድቡን ሁሉ አወረድኩበት። በር ሳይከፍት ሰማኝ፤ ወንድ የመጣበት መስሎት አልወጣም።

ደስ ብሎኝ ገባሁ። «እማ፣ እኔ ነኝ፣ መጣሁ» አለ በርሜሉ።

እናቴ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሳበች። «ማነህ አንተ? ልጄን ጥራልኝ።»

ታኅሣሥ 8

ውሃው ከመጣ ሰነበተ። እናቴ ግን መደወሏን አልተወችም። ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ትደውላለች። ድምፄ ያመሰግናታል። እሷ ስለ ጉልበቷ ታወራለታለች፣ ሰባኪውን ትዳር አልያዘም ብላ ታማዋለች። ድምፄ በትዕግሥት ይጠብቁ ይላታል፤ ትጠብቃለች። ሰው ሲያነሳ ትዘጋለች። እንደገና ትደውላለች።

መጀመሪያ አእምሮዋ የተነካ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ዛሬ አጠገቧ ተቀመጥኩና በበርሜሉ ጠየቅኳት። «እማ፣ እሷ እኔ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ምን፣ የጃጀሁ መሰለሽ?»

«ታዲያ?»

«ይቺኛዋ አትቆጣኝም» አለች፤ ስልኩንም ወደ ጆሮዋ መለሰች።

የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጻፍኩ። ለኩባንያው፣ ለዚያች ወረቀት ሰጪ፣ ለእናቴም ጭምር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነካሁት። በርሜሉ አንድም ቃል ሳይከለክለኝ፣ ቤቱን በአንድ እግሩ እያቆመ፣ እስከ መጨረሻው አለልኝ።

እናቴ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ዝም በል» አለችኝ። «ልጄ እያወራች ነው።»