በእርሳስ የሚጻፍ ስም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ ለሰነፉ ጸሐፊ፦

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደምታውቀው ነው። ሰባት ወር ሙሉ አንድ መስመር እንኳ አለመላክህን አመልህ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

እኔ ያው በዕፅዋት ቤተ መዘክሩ፣ ኦርኪድ ከሚባሉት የደረቁ አበቦቼ ጋር ነኝ። አሁን የያዝኳቸው ሁለት ዝርያዎች ቁርጥ መንታ ናቸው፤ ቅጠላቸውም ግንዳቸውም አንድ ነው። የሚለያቸው የአበባው ከንፈር ብቻ ነው፤ የአንዱ ጠርዝ ፀጉራም፣ የሌላው ልሙጥ። አበባው ረግፎ የመጣ እንደሆነ አለቃዬ፣ "ስሙን በእርሳስ ጻፊው! በእስክሪብቶ የሚጻፈው እርግጡ ሲታወቅ ነው" ብሎ ይጮኻል።

ማክሰኞ አንድ መሥሪያ ቤት ጠርተውኝ ስሙ ያልታወቀ የአንድ ሟች ፎቶ አሳዩኝ። ፊቱ በቅጡ አይለይም። ሹራቡ እኔ የሠራሁልህን ይመስላል፤ ግን እንደዚያ ያለ ሹራብ ስንቱ ይሠራል! "መምሰል መሆን አይደለም" አልኳቸው። ሰውየው እስክሪብቶ አቀብሎኝ፣ "ስሙን እዚህ ጋ ይጻፉና ይፈርሙ" አለኝ።

"እርሳስ የለዎትም?" አልኩት።

ለእማዬ ገበያ ውዬ መጣሁ ብያታለሁ። ዘንቢሌ ባዶ መሆኑን ግን አየች።

እባክህ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፦ ልጅ ሳለህ ከዛፍ ወድቀህ የተሰነጠቀው የትኛው ጆሮህ ነው? የፎቶው ሰው የተሰነጠቀው የግራው ነው። እኔ ያንተ የቀኙ ነው ብያቸዋለሁ።

በል ሰላም ሁንልኝ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ፖስታው ላይ ስምህን በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

እህትህ