እናቴን ከዋሻው ደጅ ላስቀሩልን የጉዞ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ አድማሱ
የመረዳጃ ማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ማርልቦሮ

ካልጋሪ፣ መስከረም 2006 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ፣ ድምፅዎ፣ በተለይም ከአንገትዎ የማትለየው ፊሽካ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ፊሽካዋ መነፋት ካቆመችብን ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ሐምሌ አሜሪካ በረሃ ድረስ ወርደን ያንን ሰፊ የዋሻ ፓርክና የሌሊት ወፎቹን ላየንበት ጉዞ እያንዳንዳችን ምስጋና በጽሑፍ እንድናቀርብ ባሳሰቡት መሠረት፣ የእኔን ሁሉም አባል እንዲያነበው በግልጽ አቅርቤያለሁ። ነዳጅ ሰማይ በነካበት በዚህ ዘመን ከነዳጅ ካምፕ ሥራ ለእረፍት የተመለሰ ሁሉ እዚሁ ጎናችን ያለውን የባንፍ ተራራ ንቆ የራቀ ነገር ሲፈልግ፣ ያለ እርስዎ አርቆ አሳቢነት ማን ከተራራ ሥር ተነሥቶ ፀሐይ እስኪያነደው ድረስ ይጓዝ ነበር?

አንደኛ፣ አየር ማረፊያው ላይ አሰልፈው ስለሰጡን መመሪያ እናመሰግናለን። «ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከጠየቃችሁ፣ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን ‹ኖ› በሉ፤ ‹የስ› ያለ ሁሉ ጣጣ ያመጣብናል» ነበር ያሉት። አባላችን ስምዖን ቋንጣውን በ«ኖ» ካሳለፈ በኋላ፣ ሻንጣው የራሱ መሆኑን ሲጠየቅም «ኖ» በማለቱ ለብቻው አንድ ክፍል ገብቶ አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። መመሪያ ማክበር ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ እናቴ ስለ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። እኔን ልትጠይቅ መጥታ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ አገሯ የምትመለስ ሴት እንደነበረች ያውቃሉ። ከልጅነቷ ጀምሮ ዋሻ ውስጥ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናትን ስትሳለም የኖረች በመሆኗ፣ ሰው ያልነካውን፣ እግዜር ብቻውን የሠራውን ዋሻ ሳላይ አልሄድም ብላ የአሜሪካ ቪዛዋን ስትጠብቅ ከረመች። ዳግመኛ እንደማትመጣ እርሷም እኔም እናውቅ ነበር።

እኔና ልጄ ሄቨን ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ቀድመን ስለገባን፣ በሩ ላይ የሆነውን የሰማነው በኋላ ከእናቴና ከፓርኩ ጠባቂ ነው። ጠባቂዋ እያንዳንዱን ሰው የለበሰው ልብስ ወይም ያደረገው ጫማ ሌላ ዋሻ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቅ ነበር፤ በልብስና በጫማ ከዋሻ ወደ ዋሻ እየተሻገረ የሌሊት ወፎችን የሚጨርስ በሽታ አለና። ቡድንዎ በአንድ ድምፅ «ኖ» አለ። እርስዎም «ኖ» አሉ፤ በዚያው ቡትስ አምና ሌላ ዋሻ ውስጥ ቆመው የተነሡትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ላይክ ያላደረገ አባል ባይኖርም። እናቴ ግን ጥያቄው ሲተረጎምላት ፊቷ በርቶ፣ «ጫማዬንስ ደጅ አውልቄ ነው የምገባው፤ ይቺ ነጠላ ግን ስንቱን ዋሻ ተሳልማለች!» አለች።

ጠባቂዋ አመስግናት፣ ነጠላውን በመጣንበት ቫን ውስጥ አስቀምጣ እንድትመለስ ነገረቻት። እርስዎ ግን ወደ ዋሻው የሚያወርደው የሊፍት ተራዎ እንዳያልፍ ሰግተው፣ ያንን ሁሉ እንግሊዝኛ «ተከልክለዋል እማማ፤ እዚህ ይጠብቁን» በሚል አጭር አማርኛ ስለተረጎሙላት የቋንቋ ችሎታዎን ሳላደንቅ አላልፍም። እናቴም ጥፋተኛ ነኝ ብላ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ዋለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ምሽቱ። የሌሊት ወፎቹ ከዋሻው አፍ ሲተሙ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሳለ፣ ቡድንዎን ለመቁጠር ፊሽካዎን ስለነፉ ምስጋና ይገባዎታል። ያኔ ነው ጠባቂዋ ወደ ሄቨን ጠጋ ብላ፣ አያትሽ ምነው ሳይመለሱ ቀሩ፣ ስጠብቃቸው ነበር ያለቻት። ዋሻው ተዘግቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ገበያ አዳራሽ ከመሄዳችን በፊት ለአንዲት ሰዓት ያህል ቫኑን እንዲያዞሩልኝ ለመንኩዎ። በመመሪያዎ መሠረት «ኖ» አሉኝ።

አቶ አድማሱ፣ በዚህ ነገር አንጀቴ አሯል። እናቴ አንዲት ነገር ፈለገች፤ እውነቱን ስለተናገረችም ደጅ ቀረች።

ለሚቀጥለው ጉዞም ድምፃቸውን እንደማይነፍጉዎ ከሚተማመኑባቸው ታዛዥ አባላት ጎን ቆሜ፣ ለፊሽካዎ ረዥም ዕድሜ፣ ለቡትስዎ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ መታጠብን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ትግስት፣ የፀሐይወርቅ ልጅ
ኦግደን

እንዳይረሳ፦ እናቴ አገሯ በሰላም ገብታለች። ስትደውል የጠየቀችኝ ስለ ዋሻው አይደለም፤ ያ ሁሉ ሰው ዋሽቶ ገብቶ ወፎቹ ታመው እንደሆነ ነው። በጸሎቷ እያሰበቻቸው ነው፤ እግረ መንገዷን እርስዎንም ልታስብዎ ፈልጋ፣ ክርስትና ተነሥተው እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላኛለች። እባክዎ፣ እንደ ልማድዎ «ኖ» ብለው መልስ ከመስጠትዎ በፊት ትንሽ ያስቡበት።