በስድስት ብሎን ለታሸገው መስኮታችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፤

በቅድሚያ ከመላው ሠራተኞችዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው፤ እኔ ወረቀቱ በላቤ እየራሰብኝ ሁለት ጊዜ ከመቀየሬ በስተቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤውን በየፎቁ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቅን አገልግሎት በእኔና በእርስዎ መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

እኔ ሰባተኛው ፎቅ፣ ጣሪያው ሥር የምኖረው ዳቦ ጋጋሪዋ ነኝ። በሰው አገር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምድጃ ፊት ስለቆምኩ ለሙቀት ባዳ አይደለሁም፤ ሆኖም በዚህ በጋ ቤቴ ስገባ ምድጃው ይናፍቀኝ ጀምሯል። አብራኝ ያለችው ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ዕድሜዋ ሰባ ሊሞላ ነው፤ ልቧም ደከም ያለ ነው። የዚህ አገር ብርድ አጥንት ድረስ ይገባልና በበጋ ነይ፣ በጋው ደስ ይላል ብዬ ያመጣኋት እኔው ነኝ፤ ይህችን ውሸቴን እንኳ በእርስዎ ላይ አላላክክም።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ፍጥነትዎ። አክስቴ በመጣች ሰሞን ቅዝቃዜው ገና አልለቀቀም ነበርና፣ መስኮቱ አልገጥም ብሎ ነፋስ ያስገባ ነበር። አክስቴ ደግሞ ከሌባ ይልቅ የምትፈራው በቀዳዳ የሚገባ ነፋስ ነው፤ ነፋስ መታኝ ካለች አለቀ፣ ጎኗን ይዛ ሳምንት ነው። መስኮቱ እንዲጠገን አንዲት ማመልከቻ ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጥገና ሠራተኛዎ መጣና ክፈፉን በስድስት ብሎን ከግድግዳው ጋር አጣብቆት ሄደ። ስለ አሳንሰሩ በርና ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ስጮህ አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማ ቢሮ፣ አየር እንዲያጥረን ስንጠይቅ ግን በሩጫ ደረሰልን። እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ስለ ጥንቃቄዎ። ሙቀቱ ሲመጣ ብሎኖቹ እንዲፈቱ አመለከትኩ። መፍታት ግን እንደ ማሰር ቀላል ሆኖ አልተገኘም፤ ቅጽ አለው፣ የሙቀት ልኬት አለው። ልኬቱ የሚወሰደው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቻ ነው፤ ፀሐይዋ ወደ እኛ የምትዞረው ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ይህን ለጸሐፊዎ ባስረዳት፣ ፀሐይዋ ለምን በሰዓቱ እንደማትገኝ ልትጠይቀኝ ምንም አልቀራት። ብሎኑን ራሴ እንዳልፈታ ደግሞ የሕንፃውን ንብረት የነካ ተከራይ ቤቱን በአሥር ቀን ይለቃል የሚል ማስጠንቀቂያ መስኮቱ ላይ ለጥፋችሁልኛል። ንባብ እወዳለሁና በየቀኑ አነበዋለሁ።

፫. ስለ ጆሮዎ። ሠራተኛዎ ለልኬት ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አክስቴ የዚህን አገር ቋንቋ አታውቅም፤ ጎረቤት ሰላም ሲላት እንዳታፍር ብዬ ያስተማርኳት «ደህና ነን» እና «እናመሰግናለን» ማለትን ብቻ ነው። እሱ መለኪያውን ይዞ ችግር አለ ወይ ቢላት ደህና ነን አለችው፤ በጣም ይሞቃል ወይ ቢላት እናመሰግናለን አለችው። እውነቱን ልናገርና፣ ጥያቄው ቢገባትም ኖሮ መልሷ ያው ነበር፤ ቤቷ የመጣን ሰው በአቤቱታ መቀበል ለእሷ ትልቅ ነውር ነው። ይህን ስትል ላቧ በአገጯ ይወርድ እንደነበር አልጠራጠርም። ሠራተኛዎ ግን ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን ያምናልና፣ ነዋሪዋ እጅግ ረክተዋል ብሎ ጽፎ መዝገቡን ዘጋው።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ስመለስ አክስቴን ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ስሟን እየጠራሁ ውሃ ሳፈስባት ዓይኗን ገልጣ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ደህና ነኝ አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። በንዴት ነው ያለቀስኩት፤ በእርስዎም፣ በእሷም፣ ይበልጡን ደግሞ በራሴ።

ሐኪም ቤት ከተኛች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሟ መስኮቱ ሳይከፈት ወደዚያ ክፍል ብትመለስ ልቧ ሁለተኛ አይችለውም ብሎኛል። ይህንኑ የሚገልጽ ወረቀት ይዤ ቢሮዎ ብመጣ፣ ረክቻለሁ ያሉት ነዋሪዋ ስለሆኑ መዝገቡን ማስከፈት የሚችሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው፣ ውሳኔውም በሃያ አንድ የሥራ ቀን ይሰጣል ተባልኩ። ሃያ አንድ የሥራ ቀን ማለት በጋው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ማለት ነው። እኔ የምለምነው ደግሞ ስድስት ብሎን ነው፤ ለአንድ ሰው የሩብ ሰዓት ሥራ።

በተረፈ ወንበርዎ ይጽናልዎ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ቅጽዎም አይለቅብዎ እያልኩ፣ ከጣሪያው ሥር ግንባሬን እየጠረግሁ ከፍ ያለ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

የሰባተኛው ፎቅ ዳቦ ጋጋሪ

ማሳሰቢያ፦ አክስቴ ሐሙስ ጠዋት ከሐኪም ቤት ትወጣለች። ቀን ቀን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ እንድትውል ታዟል፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእርስዎ እንግዳ መቀበያ ነው። በሩ ላይ ለነዋሪዎች ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው ተብሎ ስለተጻፈ፣ ትራሷን ይዛ በርዎ ፊት ካለው ወንበር ላይ ትውላለች። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ እርስዎ ብቅ ባሉ ቁጥር አክብራ ከመቀመጫዋ መነሳቷ አይቀርም፣ ይህን እኔም ላስተዋት አልችልም። ሐኪሟ ደግሞ ድንገት ብድግ ማለት ልቧን ሊያቆመው ይችላል ብሏል፤ ስለዚህ መስኮቱ እስኪከፈት ድረስ እባክዎን ከቢሮዎ አይውጡ።