ሙሽራው የት ደረሰ?

ለውድ እህቴ ለልደታ፤ እንደዚህች እንደ ስዊድኗ ፊቲያ በረዶ የበዛ ሰላምታዬ አዲስ አበባ ድረስ ይድረስሽ። ፊደል ብገድፍ አትሳቂብኝ፤ ትምህርቴን ያቋረጥኩት አንቺን የቤቱ ብቸኛ ምሁር ላደርግሽ ብዬ ነው።

ለሽልማት የታጨ ነው ብለሽ የላክሽልንን ፊልም ከፈትነው። ሰውዬው ገና ከመጀመሪያው ያለቅሳል። እማዬ ሻሿን አስተካክላ፣ «አቡሽ፣ የሱን ለቅሶ ለሱ ተውለት። ያንን ሙሽራዬን አምጣልኝ» አለች። ሙሽራዬ የምትለው፣ አንድ አስቂኝ ፊልም ላይ በስህተት የሰው ሰርግ ገብቶ፣ ሁለት ሳህን ከበላ በኋላ የገዛ ሙሽሪቱን ፍለጋ የሚሮጥ ጅል ነው።

ከሰዓት ከሰዓት እሱን እናያለን። የሐይቁ ብርሃን በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ሲዋኝ እማዬ ትስቃለች። እኔም ተንኮሌን ታውቂው የለ፣ አፏ ለሳቅ ሲከፈት ጠብቄ ሾርባ አጎርሳታለሁ። ሙሽራው የሙሽሪትን በር ሊያንኳኳ ሲል ግን እንቅልፍ ይወስዳታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሆስፒታል ስንመለስማ ገና ሲጀምር ነው የምትተኛው።

ትናንት፣ «መጨረሻውን ንገረኝና ልረፍ» አለችኝ።

«አልነግርሽም! ማየት የፈለገ ነቅቶ ይጠብቅ» አልኳት።

ትራስ ወረወረችብኝ። እኔ ጋ ሳይደርስ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ድሮ እኮ አትስተኝም ነበር።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽው ትንሽ ቀደም ቢልስ? ሙሽራውን ሦስት ሆነን ብንጠብቀው ይሻላል።

እስክንገናኝ ጉንጭሽን በሩቁ ስሜያለሁ። እማዬ «ደህና ናት በላት» ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ።

አስቸጋሪው ወንድምሽ አቡሽ