የመንገድ ሠራተኛ ስላደረጋችሁት ስለ አክስቴ አባት

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ማርጎት ፔንሄል፣ የካሎራ አካባቢ መዝገብ ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ ደህና ነን፤ ሸንኮራውም ዝናቡም ደህና ነው። እኔን ያሳሰበኝ የእርስዎ ጣት ነው። «ተቀባይነት የለውም» የሚል መልስ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ሲጽፉልኝ አሞዎት እንዳይሆን።

ስሜ ታሊያ ፋናኢ ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ጥዬ ወጥቻለሁ። ይህን ቀድሜ የምነግርዎ በአንደኛው መልስዎ «የትምህርት ደረጃዎን ቢገልጹልን» ስላሉኝ ነው። ይኸው፣ ገለጽኩ። ድረ ገጻችሁ ላይ «ታሪካችንን አብረን እንለይ፤ ማንም ሰው መሳተፍ ይችላል!» የሚል ማስታወቂያ አየሁና፣ ማንም ሰው ከተባለ እኔም አለሁበት ብዬ፣ ስምንት ወር ሙሉ በነጻ የድሮ ፎቶዎቻችሁ ላይ መለያ ስለጥፍ ከረምኩ። አጥር። ኮፍያ። ጋሪ። ውሻ። ሌላ ውሻ። ለዚህም የወርቅ ኮከብ ሰጥታችሁኛል፤ ስልኬ ላይ ሲያበራ እናቴ አይታ «ይበላል?» ብላለች። እግዜር ይስጥልኝ።

ነገር የመጣው በፎቶ ቁጥር 3318 ነው። በ1941 የተነሳ፤ አምስት ወንዶች፣ አንድ ጉድጓድ፣ የድንጋይ ክምርና አንድ ፈረስ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ለሆናት ለአክስቴ ለኤፊ፣ ማለትም ለአያቴ እህት፣ ስልኬን አሳየኋት። መነጽሯን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፣ ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ይኼ እኮ አባዬ ነው» አለች። አባቷን ከሰባ ዓመት በላይ አላየችውም። ቤታችን ውስጥ አንድም ፎቶ የለውም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ይህን ፎቶ «የመንገድ ሥራ» ብላችሁታል። ወይዘሮ ፔንሄል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ በሙዝ ቅጠል መንገድ የሚያነጥፍ ሰው የት አገር አይተው ይሆን? ያ ጉድጓድ ምድጃችን ነው! በቤተ ክርስቲያን በዓል አሳማውና ስኳር ድንቹ በቅጠል ተጠቅልሎ ከጋለ ድንጋይ ጋር የሚቀበርበት። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የምንበላው። ከቢሮዎ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሽታው እንኳ እንዴት አልደረሰዎትም?

ሁለተኛ፦ «ዱላ የያዘ ሠራተኛ» ያላችሁት ሰው ዱላ አልያዘም። ከእርጥብ እንጨት ተሰንጥቆ የተሠራ የድንጋይ መቆንጠጫ ነው የያዘው። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚያነሳው ጉድጓዱን የሚጠብቀው ቤተሰብ የበኩር ልጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ቢሞክር አሮጊቶቹ በሕዝብ ፊት ልክ ልኩን ይነግሩታል። ካሎራ ውስጥ ያ ቤተሰብ የእኛ የፋናኢዎች ነው። አክስቴ ፊቱን ብትረሳው እንኳ እጁ ይመሰክርለታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጽፌ ብልክላችሁ መለያዎቹን የሚያጣራው ሠራተኛችሁ «የቤተሰብ ልማድ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚታይዎትን ብቻ ይጻፉ» አለኝ። እኔም ስለ ራሱ የሚታየኝን ጻፍኩለት። በዚህ ምክንያት ለሁለት ሳምንት ታግጃለሁ። እውነት ለመናገር፣ እገዳው ሲያንሰኝ ነው።

ሦስተኛ፦ ፈረሱ። ፈረሱ ስም አለው! «ዱክ» ይባላል። ሰዎቻችን ይሠሩበት የነበረው የሸንኮራ እርሻ ባለቤት ልጅ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ስለጻፈችው ስሙ ተረጋግጦ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አምስት ያልታወቁ ሰዎች፣ አንድ የታወቀ ፈረስ። ይህን ለአክስቴ ሳነብላት ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «ዱክ? ያ ነካሽ!» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ ጠባሳዋን አሳየችኝ። «የነከሰኝን ጽፈው የወለደኝን ተዉት?»

አራተኛ ብዬ ልቆጥር ነበር፤ ይኼኛው ግን ቅሬታ አይደለም፣ ሆዴን የሚበላኝ ነገር ነው። ሸንኮራ እርሻው ጫፍ ላይ ያለ ምልክት ለተቀበሩት ሰዎቻችን የመታሰቢያ ግድግዳ ሊሠራ ነው። የሚቀረጸው እርስዎ ያረጋገጡት ስም ብቻ ነው፤ ዝርዝሩም የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። የአክስቴ አባት እዚያ ነው የተኛው፤ የቱ ጋ እንደሆነ ማረሻ አጥፍቶታል። እርሻው የሠራተኞቹን ስም አልመዘገበም፤ ያለን ይህ ፎቶ ነው። አክስቴ ሐውልት አልጠየቀችም። «ስሙ ላይ ጣቴን ላሳርፍበት፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ» ነው ያለችው። እኔ ሌላ ግድግዳ እስኪሠራ መጠበቅ እችላለሁ። እሷ አትችልም፤ እርስዎም ይህን ያውቃሉ፣ ግን ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለም።

ስለ እገዳው በተለይ አመሰግናለሁ። ሥራ ስለፈታሁ ማንም የማያነበውን መመሪያችሁን አነበብኩት፤ ሰማንያ ሁለት ገጽ። ትምህርት ቤት ብሆን ጊዜውን ከየት አገኘው ነበር? ገጽ ሃምሳ ሰባት ላይ፣ ስም ለማረጋገጥ «ቀን ባለው ጋዜጣ ታትሞ የወጣ ጽሑፍ» ይበቃል ይላል። ጋዜጣው ማርጀት አለበት አይልም። ሮጬ ይህን ደብዳቤ እንዲያወጣልኝ የከተማችንን ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ለመንኩት። «ስድቡን ሰርዢው፣ አትመዋለሁ» አለኝ። ሰረዝኩት። ምን ያህል እንደተጎዳሁ እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ ቀኑ ከገጹ አናት ላይ አለልዎ፦

በፎቶ ቁጥር 3318፣ ከግራ ሦስተኛ፣ መቆንጠጫ ይዞ የቆመው የኤፊ አባት አምብሮስ ፋናኢ ነው።

ታተመ።

ዓርብ ቢሮዎ ከመዘጋቱ በፊት ስሙን ዝርዝሩ ውስጥ እንደሚያስገቡልን እየተማመንኩ፣ ለሰው ስም ባለዎት ጥንቃቄም እየተደነቅሁ፣ እጅ እነሣለሁ፤

የወርቅ ኮከብ ተሸላሚና ለጊዜው የታገደችው በጎ ፈቃደኛዎ፣
ታሊያ ፋናኢ

ተጨማሪ፦ ገጹ ላይ ቦታ ስለተረፈ አክስቴ ሌሎቹንም አስጽፋኛለች። ከግራ አንደኛው ጆሴፍ ታንጊስ፣ ሁለተኛው ሉክ ዋላኖ፣ አራተኛው ኢኖክ ባሬ ናቸው። የመጨረሻውን ስጠይቃት ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ መረመረችውና «እሱን አላውቀውም፤ እንዳትጽፊ» አለችኝ። ሰው የማያውቀውን ሲያጋጥመው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ይህን ለሠራተኞችዎ የሚያሠለጥንልዎ ካጡ አክስቴ ፈቃደኛ ናት፣ ያውም በነጻ፤ ማክሰኞ ብቻ ሐኪም ጋ ትሄዳለች።