ትልቋን ጀልባ የመረጥኩት እኔ ነኝ

ሰይዴ፣ የልጄ አባት፣

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህና፣ ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ሱቃችን እዚያው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ነው፤ አልዘጋ እያለ ያስቸግርህ የነበረውን በር አስቀየርኩት። ከበረንዳችን ሆነህ ወደ ቦሌ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ታይበት የነበረው ክፍት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞበታል፤ አሁን ድምፃቸውን ብቻ ነው የምንሰማው። ደህና ነኝ እንዳልልህ አንተን ዋሽቼ አላውቅም። ስፈራ ነው የከረምኩት።

ነገሩ የሀያት ነው። ልጃችን መርከበኝነቱን ተምራ ጅቡቲ፣ ቱሪስት በሸራ ጀልባ የሚያዞር ሰው ዘንድ መቀጠሯን አንተም ታውቃለህ። ለዒድ ስትመጣ፣ ሰውየው ሁለቱንም ጀልባዎቹን ኦማን ላለ ገዢ እንደሸጣቸውና በባሕር ነድተው እንደሚያደርሷቸው ነገረችኝ። በአንደኛዋ ላይ እሷ ልትሄድ ነው።

ፎቶዎቹን በስልኳ አሳየችኝ። ትንሿ ዘጠኝ ሜትር አትሞላም፤ እኔና አንተ ሳንጋባ የተሠራች ናት። ቀለሟ ተላልጧል፣ ውስጧ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፣ መሪዋ በእጅ የሚያዝ እንጨት ነው። ትልቋ አሥራ አምስት ሜትር፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላት። መኝታ ክፍል አላት፣ ፍሪጅ አላት፤ ሸራዋ ቁልፍ ሲጫኑት ይዘረጋል፣ መሪዋ ራሱን በራሱ ይይዛል። ሀያት የመረጠችው ግን ትንሿን ነበር። «እማ፣ ትልቋ ላይ አንድ ነገር ከተበላሸ ሁሉም ነው የሚቆመው። ትንሿን በገመድም አስሬ አደርሳታለሁ» አለችኝ።

ያንተን ቃል ነው የተናገረችው። አሮጌው መኪናህ በረሃ ላይ ሲቆም በሽቦ አስረህ ትመጣ እንደነበር፣ አዲሱ ሲበላሽብህ ግን ሁለት ቀን ሙሉ መካኒክ ስትጠብቅ ፀሐይ እንደጠበሰህ ነግረኸኛል። አውቃለሁ። እያወቅሁም ያቺ የተላላጠች ጀልባ ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ። ፓስፖርቷን ወስጄ ሱቁ ውስጥ፣ ዱቄት ጆንያ ሥር ደበቅኩት። ቤቱን ስትገለብጥ አብሬያት ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን ፊቴ ቁጭ አለችና፣ «እማ፣ የት ነው ያደረግሽው?» አለች። አልጮኸችም። አወጣሁላትና፣ «በትልቋ ከሄድሽ ውሰጂው፤ በትንሿ ከሆነ ግን እኔን ቀብረሽ ሂጂ» አልኳት። እሺ አለች።

ሁለቱም ጀልባዎች አብረው ተነሡ። የሳተላይት ስልክ የነበረው ትልቋ ላይ ብቻ ነው። እስከ ሦስተኛው ቀን «ደህና ነን» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር። ከዚያ ጭጭ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ጅቡቲ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ «አይዞሽ» ይለኝ ነበር፤ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ። ዘይት የጠየቀኝን ደንበኛ ሳሙና እሰጠዋለሁ። ጎረቤታችን ለተብርሃን ሱቁን ቆልፋ ቤቷ ወሰደችኝ። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ሬሳዋን ይዞ የመጣ ይመስለኛል። ሰይዴ፣ ልጄን በእጄ አሳፍሬ ገደልኳት እያልኩ ስንት ጊዜ ስምህን ጠራሁ!

ወሬያቸው ከጠፋ በስድስተኛው ቀን ዙህር ሰግጄ ስነሣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ማንሳት አቃተኝ። ለተብርሃን አነሣችው፤ እኔ ፊቷን ነበር የማየው። እልል ስትል ነው የተነፈስኩት። «እማ፣ ደርሰናል» አለች ሀያት።

መብረቅ ነው የመታቸው። የትልቋ ኤሌክትሪክ ባንዴ ጠፋ፤ መንገድ የሚያሳየው ስክሪንም፣ ሞተሩም፣ ስልኩም፣ መሪውም። ሸራው በግማሽ ተዘርግቶ ቀረ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ የብረት እጀታ መሪው ላይ ገጥመው፣ እነሀያት በክንዳቸው እየተፈራረቁ ነዱ፤ አሮጌዋ ጀልባ ከፊት ከፊት እየሄደች መንገድ መራቻቸው። ትንሿም ቢሆን እንዳይመስልህ፤ ማዕበሉ እየገባባቸው ሰዎቿ ውሃ በባልዲ ሲደፉ ነው የሰነበቱት።

ቤት ስትመጣ «አላልኩሽም?» አላለችኝም። እግሬ ላይ ወድቃ ሳይሆን እግሬን አቅፋ ተኛች። ከዚያ፣ «አባዬም እኮ ይፈራ ነበር» አለችኝ። በወጣትነትህ አሰብ ላይ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ስትሠራ አንድ ቀን ባሕሩ እንደገለበጣችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ውሃ ዳር መቆም እንኳ ትፈራ እንደነበር ነግረሃታል። እኔን ግን «መኪና ስለምወድ ነው ባሕሩን የተውኩት» አልከኝ፤ ሠላሳ ዓመት አመንኩህ። ለምን ደበቅከኝ ሰይዴ? አብረን እንፈራ ነበር።

ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ኦማን ያለው ገዢ ትንሿን ጀልባ እንድትይዝለት ቀጥሯታል። የትኛዋ ይሻላል ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልመረጥኩላትም። ዱዓ ሳደርግላት «አሚን» ብላ እሷው ጨረሰችልኝ።

ሰው ሁሉ በረሃውን የማይፈራውን ሾፌር ሰይድን ነው የሚያነሣው። እኔ ግን አላህ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ሌላውን ሰይድ አልረሳም፤ ባሕር እያስፈራው፣ አንዲት ልጁን «ሂጂ፣ ባሕሩን ተማሪው» ብሎ የላካትን።

ባለቤትህ ዘይነባ