አባባ ያልጠጡት ኮሶ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለመልካሙ፣ ሁመራ።

እንዴት ሰነበትህ? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ያምሮትስ፣ ልጆቹስ ጤና ናቸው ወይ? እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልህ የግራ ዓይኔ ገና አልዳነም። ይህን ያመጣው አባባን ኮሶ አጠጧቸው ብለህ የላክኸው ቃል ነውና ቁጣዬን ቻለው።

አባባ በሁዳዴ ሆዳቸው ደርቆ ስምንት ቀን ሙሉ ሜዳ ሳይወጡ ሰነበቱ። ከዚያ ቀጭኑ ሰገራ ሳያውቁት ያመልጣቸው ጀመር። በሆሳዕና ቅዳሴ ላይ ልብሳቸው ተበላሽቶ ከመቅደስ ወጡ፤ ክህነቴ እዚህ ላይ አበቃ ብለው ቅጥሩን መርገጥ ተዉ። እኛ ጅሎቹ ተቅማጥ መስሎን ውሃ ነስተን ደረቅ ቆሎ አበላናቸው። ይብሱን አደረቅናቸው።

ታናሽህ ደጀኔ ቃልህን እንደ ወንጌል ይዞ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ኮሶውን በጥብጦ መጣ። አባባ አልጠጣም አሉ። በጉልበቱ ደረታቸው ላይ ወጥቶ አፋቸውን ሊፈለቅቅ ሲል እጁን ያዝሁት። በጥፊ አጮለኝ። እኔም ዘነዘናውን አንሥቼ ግንባሩን ፈነከትሁት፤ ደሙ የአባባ ጋቢ ላይ ተንጠፈጠፈ። ዓይኔን በቡጢ ሲለኝ ክንዱን ነከስሁት። አባባ ከመደቡ እንደምንም ተነሥተው ሁለታችንንም በመቋሚያቸው እንደ እህል ወቁን። ገና ሬሳ አልሆንሁም፣ መድኃኒቴን የምመርጥ እኔ ነኝ አሉ።

ፍኖተ ሰላም ወሰድናቸው። የደረቀው ዘግቶ ቀጭኑ በጎኑ ነው የሚያመልጣቸው፣ ኮሶው ቢገባ አንጀታቸውን ይጎዳው ነበር ብሎ ሐኪሙ ተቆጣን። መድኃኒቱ በጎማ ቱቦ ለብ ባለ ውሃ ከታች መታጠብ፣ ከዚያ ሽሮፕና ተልባ እየጠጡ፣ ውሃ ሳይነሱ፣ ጠዋት ጠዋት በሰዓቱ ለሰገራ መቀመጥ ነው፤ እምቢ ካለ ባሕር ዳር ሄዶ ኦፕራሲዮን። አባባ ውሃውን መረጡ፤ የሴት እጅ ግን አይነካኝም ብለው እኔንም ነርሷንም አባረሩን። ግንባሩ የተሰፋው ደጀኔ ተምሮ ያጥባቸው ጀመር። እያጠባቸው ያለቅሳል። ከእኔ ጋር ግን እስካሁን አንነጋገርም።

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። አባባ ቀደሱ። ደጀኔ ቅያሪ ልብስ ቋጥሮ፣ እኔ ውሃ በጀሪካን ይዤ፣ በቅጥሩ በር ግራና ቀኝ ቆመን ጠበቅን። ቅዳሴው አልቆ ወጥተው በመስቀላቸው እስኪያሳልሙን ድረስ ቋጠሮው አልተፈታም።

ያምሮትን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ማርያማዊትንና ትንሹን ቴዎፍሎስን ሳምልኝ። ደጀኔም ሰላም ብሎሃል፤ ይህንንም የነገረኝ በአባባ በኩል ነው። አባባ አልተቀየምሁህም ብለውሃል። እኔ ተቀይሜሃለሁ።

እህትህ ሰብሊ
ቡሬ ገጠር፣ ግንቦት 16 ቀን 1996 ዓ.ም.